«መንዝር» የሚለው ቃል ምን ይመነዝራል? ስለ አንድ የክሪፕቶ ስሌት ገጽ አማርኛ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ውስጥ ነው። አንድ የባዕድ ቃል ይቀርባል፤ አቻው ይፈለጋል፤ ኮሚቴው ይወያይበታል፤ የተመረጠውም ቃል ከዝርዝሩ ይገባል። ቃሉ ከዝርዝሩ ወጥቶ በተጠቃሚው እጅ ምን እንደሚሠራ የሚከታተል ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዝርዝር ወጥቶ ለሥራ የተዘጋጀ አንድ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ከአርባ ቃላት እምብዛም አይበልጥም። ይሁን እንጂ በነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ የተፈጸሙት ስሕተቶች የአንድን ቤተሰብ ገንዘብ ሊያስጠፉ የሚችሉ ሆነው ስላገኘናቸው፣ ለሥነ ልሳን ባለሙያዎችና ለተርጓሚዎች ማቅረቡን ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ጽሑፉ የአንድ ቀላል ድረ ገጽ ነው። የሠሩት ጥቂት የጃጁራ ወጣቶች ሲሆኑ፣ አማርኛውን እንድናርምላቸው ላኩልን። ስማቸውንም ሆነ የገጹን ስም አንጠቅስም፤ የሂሱ ዓላማ ቋንቋው እንጂ ሠሪዎቹ አይደሉምና። እንደሚታወቀው ከሆሳዕናና ከሌሎቹ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። ስለሆነም በጃጁራ «ራንድ» እና «ሐዋላ» ለጆሮ እንግዳ የሆኑ ቃላት አይደሉም። ወጣቶቹ እንደነገሩን፣ አንዳንድ ዘመድ ከውጭ ሲደውል «ይህን ያህል ቢትኮይን አለኝ» ማለት ስለጀመረ፣ የሰሚው የመጀመሪያ ጥያቄ «በብር ስንት ነው?» የሚል ሆኗል። ገጹ የተሠራው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ሂሳችን ፍሬ እንዲኖረው በቅድሚያ የገጹን አሠራር ባጭሩ እንግለጥ። ተጠቃሚው የክሪፕቶውን ዓይነት ይመርጣል፤ መጠኑንም በአንድ ሳጥን ውስጥ ይጽፋል። ገጹ የዚያን ክሪፕቶ የወቅቱን ዋጋ በዶላር ከአንድ የግብይት ተቋም በበይነ መረብ ያመጣል። ቀጥሎም የዶላርን ዋጋ በብር ወይም በራንድ ከሌላ ምንጭ ያመጣል። ከዚያም ሦስቱን ቁጥሮች ያባዛል። ለስሌት እንዲመች አንድ ቢትኮይን 100,000 ዶላር፣ አንድ ዶላር 150 ብር ነው ብንል፣ የቢትኮይን አንድ ሺኛ 15,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። የገጹ ሥራ በዚህ ያበቃል። ገንዘብ አይቀበልም፤ አይከፍልም፤ አያስተላልፍም። የማንንም ሒሳብ አያውቅም። አንባቢ ይህን ነጥብ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የክርክራችን መሠረት ነውና።

1. «ምንዛሪ» እና «መንዝር»

በገጹ አናት ላይ «የክሪፕቶ ምንዛሪ» ተብሎ ተጽፏል። ከሳጥኑ በታች ያለው አዝራር «መንዝር» ይላል። በውጤቱ አጠገብ ደግሞ «የዛሬ ምንዛሪ» የሚል ይነበባል። እንግዲህ አንድ የግስ ዘር በሦስት ቦታ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንዲሰይም ተደርጓል፤ አንደኛ ድርጊቱን፣ ሁለተኛ ትእዛዙን፣ ሦስተኛ መጠኑን። «ምንዛሪ» በአማርኛችን አስቀድሞም ብዙ የተጫነበት ቃል ነው። «የውጭ ምንዛሪ እጥረት» ስንል ገንዘቡን ራሱን፣ «ምንዛሪው ጨመረ» ስንል መጠኑን፣ «ምንዛሪ ቤት» ስንል ድርጊቱን ማለታችን ነው። ሰው በንግግር ሲጠቀምበት ዐውዱ ስለሚያግዘው አይሳሳትም። አርባ ቃላት ባሉት ገጽ ላይ ግን የሚያግዝ ዐውድ የለም።

ከዚህ የባሰው «መንዝር» ነው። በገበያ አንድ ሰው መቶ ብር አውጥቶ «መንዝርልኝ» ሲል፣ «ዘርዝርልኝ» እንደማለቱ ነው። ከዚያም አንዱ እጅ ይሰጣል፤ ሌላው እጅ ይቀበላል። ባንክም ዶላር ሲመነዝር እንዲሁ ነው። ስለዚህ «መነዘረ» ሁለት እጅ የሚሻ ግስ ነው። ሰጪና ተቀባይ ከሌሉ መመንዘር የለም። በገጹ ላይ ግን ተቀባይ የለም፤ ማባዛት ብቻ ነው ያለው።

ጥርጣሬያችን የቃላት ባለሙያ ድካም ብቻ እንዳይሆን፣ ወደ ጃጁራ በሄድንበት ጊዜ ገጹን ለጥቂት ሰዎች በስልክ አሳየን። ይህን እንደ ጥናት አናቀርበውም፤ የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት ነበር። ነገር ግን ልጃቸው በደቡብ አፍሪካ የሚኖር አንዲት እናት የተናገሩትን ሳንጠቅሰው ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። ልጃቸው አለኝ ያላቸውን መጠን አስገብተን አዝራሩን ተጫንን፤ ቁጥሩም ወጣ። እናትየው ቁጥሩን ደጋግመው አይተው፣ «ታዲያ ብሩን ከየት ነው የምቀበለው? ከባንክ ነው ወይስ እናንተ ናችሁ የምትሰጡኝ?» አሉን። ጥያቄያቸው ካለማወቅ የመጣ አይደለም። አማርኛውን በትክክል አንብበዋል። «መንዝር» የሚል ነገር ተጫኑ፤ ስለዚህ ተመነዘረልኝ አሉ። የተሳሳተው ገጹ ነው።

እንግሊዝኛው «ኮንቨርት» ሁለቱንም ይሸከማል። ኪሎን ወደ ፓውንድ መለወጥንም፣ ዶላርን በብር መመንዘርንም በአንድ ግስ ይገልጻል። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሲገባው፣ ጉዳዩ የገንዘብ ስለሆነ ብቻ «መነዘረ»ን ወሰደ። የተሰጠው አቻ ለቃሉ ትክክል ነው፤ ለነገሩ ግን ስሕተት ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሜትርን ወደ ሴንቲ ሜትር «ለውጥ» ይባላል። በዚያ አጠቃቀም «ለወጠ» የእጅ ልውውጥ የሌለበት ስሌት ነው። ይሁን እንጂ «ለወጠ»ም በገበያ በሬን በላም ከመለወጥ አይለይም። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው «አሰላ» የሚለው ግስና ከርሱ የሚወጣው «ስሌት» የሚለው ስም ነው እንላለን። አዝራሩም «ስሌት» ቢባል ይበቃል። «አስላ» ቢባል ወንድን ብቻ ያዝዛል፤ በአክብሮት «ያስሉ» ቢባል ደግሞ ሳልን የሚያስታውስ ሆኖ ያስቃል። ስሙ ከሁለቱም ያድነናል።

2. «ተመን»

ገጹ በሌላ ቦታ «የቢትኮይን ተመን» ይላል። «ተመነ» መርምሮ ዋጋ መቁረጥ ነው፤ ተማኝ ያስፈልገዋል። በመንግሥት የተቆረጠ የሸቀጥ ዋጋ «የዋጋ ተመን» ይባል እንደነበር የምናስታውስ ብዙዎች ነን። «የምንዛሪ ተመን» የሚለውም ሐረግ የተደላደለው የብርን ዋጋ በዶላር የሚወስነው ብሔራዊ ባንክ በነበረበት ዘመን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲመራ ተደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዝርዝር 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆኖ ታየ። ሐረጉ ከልማድ የተነሳ እስካሁን አለ፤ ለባንክም ቢሆን ነውር የለበትም፤ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን የዕለት መግዣና መሸጫ ቆርጦ ይለጥፋልና።

ቢትኮይን ግን ተማኝ የለውም። ዋጋው ገዥና ሻጭ በየደቂቃው የሚስማሙበት ነው፤ ገጹ ያመጣው ቁጥር ደግሞ አንድ የግብይት ተቋም ባለፈው ደቂቃ ያየው ነው። «ተመን» የሚለውን ቃል ያነበበ ሰው ግን ከቁጥሩ ጀርባ የቆመ፣ ነገም የሚያጸናው ባለሥልጣን ያለ ይመስለዋል። «የወቅቱ የገበያ ዋጋ» ቢባል ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ማንንም አይዋሽም።

በዚህ ክፍል ወጣቶቹን ልናመሰግናቸው የሚገባ ነገርም አለ። ለብሩ ወገን «መግዣ» እና «መሸጫ» ብለው ሁለት ቁጥር አሳይተዋል። በባንክ ሰሌዳ ላይ ሕዝቡ የለመዳቸው ቃላት ናቸው፤ ልዩነቱም የባንኩ ጥቅም መሆኑን ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ከቋንቋው ውስጥ ያለውን ቃል መውሰድ ማለት ይህ ነው። ለክሪፕቶው ወገን ግን አንድ ቁጥር ብቻ አሳይተው አለፉ፤ በዚያም ግብይት የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ እኩል አይደለም።

3. የሁለቱ ገንዘቦች ስም

«ክሪፕቶ ከረንሲ» ለሚለው በአማርኛ ጽሑፎች ልዩ ልዩ ስያሜዎች ሲሰጡ እናያለን። «ምናባዊ ገንዘብ»፣ «ምስጢራዊ ገንዘብ»፣ «ዲጂታል ገንዘብ» ከነዚህ ይገኛሉ። ገጹ ሦስተኛውን መርጧል።

«ምናባዊ» በሐሳብ እንጂ በግብር የሌለ ነገርን ይገልጻል። ቢትኮይን ገዝቶ የከሰረ ሰው ያጣው ገንዘብ ምናባዊ አልነበረም። «ምስጢራዊ»ም እውነቱን ይገለብጠዋል። «ክሪፕቶ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ፣ መሠወርን የሚያመለክት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቢትኮይን መዝገብ ለማንም ግልጥ ነው፤ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው አድራሻ ምን ያህል እንደተላለፈ የወደደ ሁሉ ያነበዋል። የተሠወረው ባለቤቱ የሚፈርምበት የምስጢር ቁልፍ ነው። እንግዲህ «ምስጢራዊ ገንዘብ» ያለ ተርጓሚ የቁልፉን ባሕርይ ለመዝገቡ ሰጥቶታል።

«ዲጂታል ገንዘብ» ከሁለቱ የተሻለ ቢመስልም ለአገራችን አንባቢ ከሁሉ የከፋ አሳሳች ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው በስልኩ ብር ይከፍላል፤ ይቀበላል። ያም ዲጂታል ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ብር ነው። በቴሌብር ያለ አንድ መቶ ብር ነገም አንድ መቶ ብር ነው። በክሪፕቶ ያለው ነገ ሰማንያ ወይም አንድ መቶ ሃያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ገበሬው ያመነውን ነገር እምነት ላላመነው ማዋስ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን፣ የአገሪቱም መገበያያ ብር መሆኑን ያሳሰበ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የሕግም ጭምር ነው።

ለመሆኑ «ገንዘብ» የሚለው ዋና ስም ራሱ ይገባዋልን? በዚህ ላይ አማርኛው የሚነግረን አንድ ቁም ነገር አለ። «ገንዘብ» በቀደመው አነጋገር ንብረትን፣ የራስ የሆነን ነገር ሁሉ ይጨምራል፤ «ገንዘብ አደረገው» ማለት የራሱ አደረገው ማለት ነው። በዚያ ጥንታዊ ፍች ቢትኮይን ገንዘብ ነው፤ ባለቤት አለውና። ዛሬ በብዛት በምንሠራበት ፍች ግን፣ ማለትም ባለ ዕዳ ሲሰጥህ እምቢ የማትለው መክፈያ በሚለው ፍች፣ ገንዘብ አይደለም። ለመዝገበ ቃላት «ክሪፕቶ ንዋይ» የሚለውን እናቀርባለን። «ንዋይ» ከግእዝ የመጣ፣ ሀብትንና ንብረትን የሚገልጽ፣ «መዋዕለ ንዋይ» በሚለው ሐረግም የተለመደ ስለሆነ፣ መክፈያነትን ሳያስመስል ዋጋ ያለው መሆኑን ያሳያል። ለጃጁራ ገጽ ግን «ንዋይ» ከፍ ያለ ነውና «ክሪፕቶ» ብቻ ይበቃል። ውሰት ቃል በመሆኑ አናፍርበትም። «ሳንቲም» ከፈረንሳይኛ፣ «ሐዋላ» ከዐረብኛ ገብተው የአገር ሰው ሆነዋል። እንግዳን ነገር እንግዳ በሆነ ስም መጥራት አንባቢን ያስጠነቅቀዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ከትርጉም የሚበልጥ አገልግሎት ነው።

የሁለተኛው ወገን ስም የባሰ ችግር ገጥሞታል። ገጹ «ከክሪፕቶ ወደ ፊያት» ይላል። በኢትዮጵያ ፊያት ማለት መኪና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በቶሪኖ የተመሠረተው ፋብሪካ ስም ነው። አንድ የጃጁራ ጎልማሳ ይህን ሲያነብ «መኪናም ይለውጣሉ?» ብሎ አሳቀን። የባዕዱ ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን «ይሁን» ማለት ነው፤ መንግሥት «ይሁን» ስላለው ገንዘብ የሆነ፣ በውስጡ ወርቅም ብርም የሌለበት ገንዘብ ለማለት ነው።

ለዚህ ሦስት አቻዎች ሲሰጡ አይተናል። «ሕጋዊ ገንዘብ» የሚለው ተቃራኒውን ሁሉ በየአገሩ ሕገ ወጥ ያደርገዋል፤ ይህም እንደየአገሩ ይለያያል። «የመንግሥት ገንዘብ» የሚለው ከፍርድ ቤት አማርኛ ይጋጫል፤ «የመንግሥት ገንዘብ አጎደለ» ስንል ስለ ሕዝብ ካዝና ነው የምንናገረው፤ በእናቶች መቀነት ያለው ብር ግን የመንግሥት አይደለም። «አዋጅ ወለድ ገንዘብ» የሚለው ለሰዋስው ያማረ ቢሆንም፣ «ወለድ» በገንዘብ ነገር ላይ የአበዳሪ ትርፍ ስለሆነ አንባቢው የአዋጁን ወለድ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠይቃል። እኛ ለመዝገበ ቃላት «የአዋጅ ገንዘብ»፣ ለገጹ «የአገር ገንዘብ» እንላለን።

«የአዋጅ ገንዘብ» ለኢትዮጵያ ታሪክም ባዳ አይደለም። በማሪያ ቴሬዛ ታላር ዘመን ብር ማለት ማዕድኑ ራሱ ነበር፤ ሰው ጠገራውን በመዳፉ መዝኖ፣ አንኳኩቶ ይቀበል ነበር። በ1937 ዓ.ም. በወረቀት የታተመው ገንዘብ ሲወጣ ስሙ ያው ብር ሆኖ ቀረ፤ ዋጋው ግን ከማዕድኑ ወደ አዋጁ ተሻገረ። በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል የነበረው እስከ 1969 ዓ.ም. ነበር፤ በአማርኛ ግን ብር መባሉ አልተቋረጠም። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ስም ሳይለወጥ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሁለት ቋንቋ ስያሜዎች ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ሳይገናኙ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ተርጓሚው መከተል የሚገባውም ሕዝቡ የሚለውን እንጂ ሰነዱ የሚለውን ብቻ አይደለም።

4. «ክፍት ምንጭ» እና «እንዳለ»

ወጣቶቹ የገጹን ኮድ ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመውና እንዲጠቀምበት ፈቅደዋል። ይህ የሚያስመሰግናቸው ነው። ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዋጋው ከየት እንደሚመጣ መርምሮ ማረጋገጥ ይቻላልና፣ በተለይ በገንዘብ ነገር ትልቅ ዋስትና ነው። በግርጌ ግን «ይህ ክፍት ምንጭ ነው» ብለው ጻፉ። ሐረጉ በባለሙያዎች ዘንድ ተለምዷል። ይሁን እንጂ በሀዲያና በከምባታ ገጠር «ምንጭ» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ውሃ ነው። ንጹሕ የሚባለውም የጎለበተው ምንጭ፣ ማለትም በድንጋይና በሲሚንቶ ተከልሎ በቧንቧ የሚፈሰው ነው። ክፍት የሆነው ምንጭ ከብት የሚጠጣበት፣ ጎርፍ የሚገባበት፣ ለበሽታ የሚያጋልጥ ነው። ስለዚህ «ክፍት ምንጭ» የሚለው መመስገኛ በዚያ አገር እንደ መስደቢያ ሊነበብ ይችላል። «ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ነው» ማለት ይሻላል። እንደ አርእስተ ቃልም «ግልጥ ኮድ» ቢባል ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው።

ከዚያው በታች የፈቃዱ ቃል አለ። የተጠቀሙበት ቢትኮይንም የተሠራጨበት የኤም አይ ቲ ፈቃድ የሚባለው ነው። ሠሪው ምንም ዋስትና እንደማይሰጥና ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደማይሆን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አለበት። ወጣቶቹ የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተርጉመው «ሶፍትዌሩ እንዳለ ቀርቧል» አሉ። በአማርኛ «እንዳለ» ግን ሙሉውን፣ ምንም ሳይጎድል ማለትም ነው፤ «በሬውን እንዳለ ገዛው» እንላለን። አንባቢው ሶፍትዌሩ ሳይጎድል ተሟልቶ ቀረበልኝ ብሎ ይረዳል። ማስጠንቀቂያው ወደ ማረጋገጫ ተለወጠ። «ይህ ገጽ ያለ ዋስትና የቀረበ ነው፤ በስሌቱ ተማምኖ ለሚደርስ ጉዳት ሠሪዎቹ ኃላፊ አይሆኑም» ቢባል ግን የሚሳሳት የለም።

5. ቁጥርና ሰዓት

የቃላት ሊቃውንት ቁጥርን የኛ ሥራ አይደለም እንላለን። ይህ ገጽ ግን እንደሆነ አስተምሮናል። በኢትዮጵያ አጻጻፍ ሺሕን የሚለየው ነጠላ ሰረዝ መሳይ ምልክት ሲሆን ሳንቲምን የሚለየው ነጥብ ነው። በደቡብ አፍሪካ ይፋ አጻጻፍ ግን ሳንቲሙን የሚለየው ያ ሰረዝ ነው። ገጹ የስልኩን ቅንብር ተከትሎ ቁጥር ስለሚጽፍ፣ አንዱ ቁጥር በልጁ ስልክና በእናቱ ስልክ በተለያየ መልክ ይታያል። አንድ ቢትኮይን ወደ አንድ መቶ ሚሊዮን ሳቶሺ ስለሚከፈል፣ ከነጥቡ በኋላ ስምንት አኃዝ ሊጻፍ ይችላል። ብር ግን ከሁለት አኃዝ አያልፍም። የነጥብ ስሕተት እዚህ ላይ የሺሕ እጥፍ ስሕተት ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ገጹ ዋጋው የተወሰደበትን ጊዜ በዓለም አቀፍ ሰዓት «09:00» ብሎ ያሳያል። ያ በኢትዮጵያ እኩለ ቀን፣ በኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ነው። የጃጁራ አንባቢ ግን «ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ያነበዋል። በሰባት ሰዓት ገጹን የከፈተ ሰው ገና ያልደረሰ ሰዓት ዋጋ ቀረበልኝ ሊል ነው። «ዛሬ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ የተወሰደ ዋጋ» ብሎ በአማርኛ መጻፍ የፕሮግራም ሠሪው ሥራ ብቻ ሳይሆን የተርጓሚውም ነው።

6. ስለ ቀረበብን ተቃውሞ

ሂሳችንን ለወጣቶቹ በላክንላቸው ጊዜ አብዛኛውን ተቀበሉ። በአንድ ነገር ግን ተከራከሩን። «ሰው ይህን ነገር ሲፈልግ ምንዛሪ ብሎ ነው የሚፈልገው፤ ስሌት ብንለው ማንም አያገኘንም» አሉ። እውነት አላቸው። ሰው የማይፈልግበት ስም፣ ትክክል ቢሆንም፣ ማንም የማይገባበት በር ነው። እኛም ከዚህ ቀደም ከሕዝብ አፍ ርቀው በዝርዝር የቀሩ ብዙ ያማሩ ስያሜዎችን ስናይ ኖረናልና፣ በዚህ ልንታበይ አይገባንም።

ስለዚህ በርእሱ ላይ «የምንዛሪ ስሌት» እንዲባል ተስማማን። «ምንዛሪ» ሰውን ያመጣዋል፤ «ስሌት» የሚያገኘውን ይነግረዋል። ከአዝራሩ ግን «መንዝር» እንዲወጣ አጥብቀን ጠየቅን፤ ወጣም። ርእስ የጠራውን አዝራር ያስደርጋል፤ በማድረጊያው ላይ የሚነገር ስሕተት በመጥሪያው ላይ ከሚነገረው ይከፋል። ከውጤቱም በታች «ይህ ስሌት ብቻ ነው፤ በዚህ ገጽ ገንዘብ አይሰጥም፤ አይወሰድም» የሚል አንድ መስመር ተጨመረ።

በመጨረሻ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ከጃጁራ አንባቢዎች ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ የቤታቸው ቋንቋ ሀዲይሳ ነው። ወጣቶቹ ገጹን ወደ ሀዲይሳ ለመመለስ አስበዋል። ያ ትርጉም ከአማርኛችን እንዳይቀዳ መክረናል። እኛ ከእንግሊዝኛው ስንቀዳ የሆነውን አይተናል። ይልቁንስ የቋንቋው ባለቤቶች ገጹ የሚሠራውን ሥራ ተረድተው፣ በገበያቸው ያለውን ቃል ፈልገው ይሰይሙት።

ለሙያ ባልደረቦቻችንም ይህን እንላለን። አቻ ቃል ሲመረጥ የሚጠየቀው «የባዕዱ ቃል ፍች ምንድን ነው?» ብቻ መሆን የለበትም፤ «ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን ያደርጋል?» የሚለውም ሊጨመርበት ይገባል። የታረመውን ገጽ ለእኒያው እናት በድጋሚ ስናሳያቸው ቁጥሩን አይተው፣ «ይኸ እንግዲህ ግምቱ ነው፤ ብሩን ልጄ ሲልከው ነው የማገኘው» አሉ። ሌላ ጥያቄም አላነሱብንም።